የተዋስኳቸው ሰባት አያቶች

ሰው መሬቱን ሲነጠቅ ይናደዳል፤ በቅሎው ስትሰረቅ ይናደዳል። እኔ ግን ጥርሴ አልቆ በድድ በቀረሁበት በዚህ ዕድሜ የሚያንገበግበኝ የአያት ነገር ነው። የራሴ አያት ቢሆን ምን ነበረበት! የሰው አያት ነው። ተዋስኳቸው፤ ሳልመልሳቸው ቆየሁ፤ በመጨረሻ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ በሕዝብ ፊት አስረከብኳቸው። ነገሩን ከነውርደቴ እኔው ልጻፈው። ሌሎች ሲያወሩት ከሆንኩት በላይ ብልህ እያደረጉኝ ተቸግሬአለሁ።

አባቴ በመርሐቤቴ ፊታውራሪ ነበሩ። ማዕረጋቸው ለእኔ ያተረፈልኝ ነገር ቢኖር ሁለት ጊዜ መወረስ ነው። ደርግ «የባላባት ልጅ» ብሎ መሬቱን ወሰደ፣ እኔንም አሰረኝ። እስር ቤት ሆኜ ሽመና ተማርኩ። ሚስቴም እኔ ሽመና ስማር ሌላ ባል አገባች፤ ሁለታችንም ጊዜያችንን አላባከንንም።

ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ሲገባ እልል ካሉት አንዱ ነበርኩ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ የመሬት ድልድል ስብሰባ ተጠራ። አንድ ጎረምሳ ብድግ አለና ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ «ይኼ ቀሪ ፊውዳል ነው» አለ። ቀሪ! እንደ ሠርግ ማግሥት ወጥ! ከምኑ ነው የቀረሁት? ያለኝ አንድ ጎጆ፣ ሁለት ፍየልና ከእስር ቤት ይዤው የወጣሁት ጋቢ ነበር። ያንን ጎረምሳ ደግሞ ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያኔ ጠበሉ ውስጥ ትንሽ ባቆየው ኖሮ እያልኩ ስንት ቀን አሰብኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የድርሻዬ መሬት ለሌላ ተሰጠ። በዚያው ሳምንት ጋቢዬን ጠቅልዬ፣ ቆላውን ወርጄ ደጋውን ወጥቼ፣ መንዝ ገባሁ። ሞላሌ አጠገብ፣ ማንም የማያውቀኝ ቦታ ጎጆ ቀለስኩ። ችግሩ እዚያ አገር «እንዴት አደርክ» ከተባለ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» ነው። ቅድመ አያትህ ድረስ ካልመለስክ መቀመጫም አይሰጡህ። «የፊታውራሪ ልጅ ነኝ» ብል ያው ስብሰባ ይጠብቀኛል። ከራሴ ልፍጠር ብል ደግሞ ውሸቴን የሚያስታውስ ጭንቅላት የለኝም። ስለዚህ ያለቀለት፣ የተዘጋጀ ዘር ፈለግሁ። አገኘሁም።

አባቴ ቤት አንድ የግሼ ሰው በአሽከርነት ይኖሩ ነበር። ልጅ ሆኜ «አንተ» ነበር የምላቸው፤ ዛሬ «እርስዎ» እላለሁ፤ ዘገየሁ እንጂ አልቀረሁም። በየጠዋቱ የአባቴን በቅሎ ሲያሹ ሰባት አባቶቻቸውን አንድ በአንድ እየጠሩ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን የት እንደተቀበረ ለበቅሎዋ ይነግሯታል። ከእሷ ሌላ የሚሰማቸው ሰው አልነበረም። እኔም ግርግሙ አጠገብ እየተቀመጥኩ እሰማ ስለነበር እንደ ዳዊት ሸመደድኩት። አንድ ታናሽ ወንድም እንደነበራቸው፣ በወጣትነቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ ወርዶ እዚያው እንደጠፋም ሰምቻለሁ። በኋላ መሬት ላራሹ ሲሆን ሰውዬው የድርሻቸውን ሊያገኙ ወደ ግሼ ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

እናም መንዝ ላይ «የማን ልጅ ነህ?» ስባል የዚያ የጠፋው ወንድም ልጅ ሆንኩ። ሸማኔ፣ የድሃ ልጅ፣ ዘሩ ከግሼ። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ «ድሃ» ብሎ መዘገበኝና ገብስ የሚበቅልበት መሬት ሰጠኝ። አየህ፣ አባቴ ያላወረሱኝን የሰው አባት አወረሰኝ።

ሁለት ዓመት ባና እየሠራሁ ኖርኩ። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዱ ይሸምናል። የኔ ባና ይሞቃል። ስለ መልኩ ባናወራ ይሻላል። አንድ የገበያ ቀን ሞላሌ ላይ ዘርግቼው ተቀምጬ ሳለ፣ ለሐዘን የተላጨችው ጠጉሯ ገና ማደግ የጀመረ አንዲት ሴት መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ይኼ ጠርዝ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለችኝ።

«ወደ ቀየት ገበያ።»

«እዚህ ጋ ሐሳቡን ቀይሯል። ወደ ሞላሌ ተመልሷል።»

«ብርድ ጠርዝ አይቶ አይገባም፣ እመቤት።»

«በዚህ በኩልማ በሬም ይገባል።»

ተናደድኩ። ማታ ቤቴ ገብቼም ተናደድኩ። በማግሥቱ ሴትዮዋ የጎረቤቴ የመምሬ እንግዳ መሆኗን፣ እዚያው ተጠግታ ጠጉር እየፈተለች እንደምትኖር ሰማሁና ክር ልገዛ ሄድኩ። ክር ነበረኝ።

ታሪኳን ያኔ ነገረችኝ። የመጣችው ከግሼ ነው። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ አልተረፈላቸውም፤ በድልድሉ ግን መሬት በስሟ ደርሷታል። ያንን መሬት በእኩል የሚያርስላት አንድ ጎረቤት ነበር። ምርቱን ለሁለት መካፈል ሲሰለቸው ባለመሬቷን ማግባት የሚሻል መስሎ ታየው። ሽማግሌ ላከ፤ የሟች ባሏ ቤተሰቦችም እሷን ሳይጠይቁ «እሺ» አሉ። እናትና አባቷ የሉም፤ አቤት የምትልበት የሥጋ ዘመድ አታውቅም። የሠርጉ ጠላ በተጠነሰሰ በሁለተኛው ቀን እንዝርቷን በሻሿ ቋጥራ ጠፋች።

«እንዝርት ብቻ?» አልኳት።

«መሬቱን ተሸክሜ መሮጥ አልቻልኩማ።»

ሰውዬው እያፈላለጋት ነበር። ካገኛት የሟች ቤተሰቦች «የኛ ናት» ብለው ይመልሷታል። ሌላ ሰው ካገባች ግን ማንም አይነካትም። ይህን እሷም ታውቃለች፣ መምሬም ያውቃሉ፣ እኔም ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ግን ለደኅንነቷ ብዬ ነው ብል ይቺ እጄ ትድረቅ። ክሯን ይዛ መጥታ መሸመኛዬ አጠገብ ተቀምጣ ስትሰድበኝ መዋል ሱስ ሆኖብኝ ነበር። አንድ ቀን መወርወሪያዬን አስቀምጬ «ላግባሽ» አልኳት።

እንዝርቷን ሳታቆም «የዛሬው ጠርዝ ቀጥ ካለ አስብበታለሁ» አለች።

ቀጥ አለ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ቀጥ አለ!

በእኛ አገር ወንድና ሴት ከመጋባታቸው በፊት በሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እዚያ ውስጥ ከተገናኙ ዘመድ ናቸውና ጋብቻ የለም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ተሰበሰብን፤ መምሬ መሀል ተቀመጡ። እኔ ብድግ ብዬ አባቶቼን፣ ማለቴ የሰውዬውን አባቶች፣ እንደ ውሃ አወረድኳቸው። እንዴት አድርጌ እንደቆጠርኩ! ደረቴን ነፍቼ፣ የተቀበሩበትን ደብር ሳይቀር እየጠራሁ። አምስተኛው ላይ ስደርስ እሷ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እሳቸው እኮ በእናቴ በኩል የኔም አምስተኛ አባት ናቸው» አለች።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። የጠፋ ዘመድ ተገኘ! አንዱ ሽማግሌ አቀፈኝ፤ ሌላው አለቀሰ፤ የማላውቃት ሴት ሁለቱንም ጉንጬን ሳመችኝ።

«ጋብቻውስ?» አልኩ በመሀል።

«ከእህትህ ጋር?» ብለው መምሬ አማተቡ።

እስቲ ፍረዱኝ! የራሴ አያቶች መሬት አሳጡኝ። የአሽከራችን አያት ደግሞ ከመቃብር ተነስቶ ሚስት አሳጣኝ። እውነቱን እዚያው እንዳልናገር ኮሚቴው ውስጥ ያለው ሰውዬ ሦስት ክንድ ርቆኝ ተቀምጦ ዳቦ ይቆርሳል። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ነው ዛሬም የሚያሳፍረኝ።

ሦስት ሳምንት ወንድሟ ሆኜ ኖርኩ። ባሰብኳት ቁጥር «ወንድምዬ» እያለች ትመጣለች። ለወንድም ቆሎ ይቆላለታል፣ ለወንድም ነጠላ ይታጠብለታል፤ ወንድም ምን ጎደለው? እሷም ቢሆን ስትስቅ ዓይኗ እንደማይስቅ አይቼ ነበር።

የባሰው ግን ገና ነበር። ያ የግሼው ጎረቤት ያለችበትን አገኘ፤ የሥጋ ዘመድ፣ ያውም ወንድ፣ እንደተገኘላትም ሰማ። ሰውዬው ሕግ አዋቂ ነው። እንግዲህ ፈቃድ የሚሰጠው የሟች ቤተሰብ ሳይሆን ዘመዷ ነው አለና ሦስት ሽማግሌ ላከ። ወደ ማን? ወደ እኔ!

ጠዋት በሬን ስከፍት ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል። «እህትዎን ለልጃችን ፈልገን መጣን፤ ልጅ ይሁንልዎ» አሉኝ። ልጅ ይሁንልዎ! ላገባት የፈለግኋትን ሴት ለሌላ ሰው እንድሰጥ በትሕትና እየተለመንኩ፣ በዚያ ላይ ወግ ነውና የራሴን ጠላ እየቀዳሁ አጠጣኋቸው። ጠላዬን ወደዱት። «ዘመድ ላማክር» ብዬ በወጉ መሠረት የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጥቼ አሰናበትኳቸውና በጠባቡ መንገድ ወደ መምሬ ቤት ሮጥኩ።

«መምሬ፣ እኔ የግሼ ሰው አይደለሁም። የፊታውራሪ ልጅ ነኝ፣ ከመርሐቤቴ» አልኳቸው።

መምሬ ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሴት ለማግባት ብሎ ዕድሜውን የደበቀ አይቻለሁ፤ ፊታውራሪ አባት የወለደ ሲያጋጥመኝ አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

«በማርያም እውነቴን ነው!»

«እንግዲያው አባቶችህን ቁጠራ።»

አባቴን ጠራሁ። አያቴን ጠራሁ። ቅድመ አያቴን ጠራሁ። ከዚያ ወዲያ... የጌታ ልጅ አያት አያጠናም፤ በግብር ድግስ ላይ የሚቆጥርለት ሰው አለው። የአሽከራችንን ሰባቱን ከነመቃብራቸው አውቃለሁ፤ የራሴ ሦስተኛው ላይ አለቁብኝ።

«ቅድመ አያትህንስ ማን ወለዳቸው? የወይራ ዛፍ?» አሉኝ መምሬ።

ይህን ሁሉ ባለቤታቸው ከጓዳ ሰምተዋል። በገበያው ቀን ሞላሌ ላይ ያልሰማ በግ እንኳ አልነበረም። ትንሽ ትልቁ «ፊታውራሪ፣ ባናው ስንት ነው?» እያለ ይስቅብኛል። እሷም መጣች።

«እስካሁን ነው ስትዋሸኝ የከረምከው ወይስ አሁን ነው የምትዋሸኝ?»

«እስካሁን ነው።»

«ሦስት ሳምንት ወንድሜ ብዬህ አልቅሻለሁ፤ ታውቃለህ?» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ሄደች። ስታለቅስ እንደነበር ያን ቀን አወቅሁ።

የግሼው ጎረቤት ግን አልሳቀም። እኔ ዘመዷ ካልሆንኩ ላገባት ስለምችል ነገሩ ይበላሽበታል። ስለዚህ የማይታበል ምስክር ፍለጋ ግሼ ተመልሶ ያልጠበቅኩትን ሰው ይዞ መጣ። እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ቅጥሩ ውስጥ ሳለ፣ በራሱ በቅሎ ላይ አስቀምጦ አሽከራችንን አመጣቸው። ሸብተዋል፣ ጎብጠዋል። በሕይወታቸው ሙሉ የሰው በቅሎ ሲጭኑ የኖሩት ሰው ተቀምጠውባት ሳይ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ እጃቸው ላይ አዲስ ጋቢ ታጥፎ አየሁ።

«የወንድሜ ልጅ የታል?» አሉ።

ጋቢው ለወንድማቸው ልጅ ነበር። የጠፋው ወንድማቸው ልጅ ወልዶ ተገኘ ብለዋቸው ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጡት።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ በሁሉም ሰው ተናድጄ ነበር፦ በደርግ፣ በኮሚቴው፣ በመምሬ፣ በጎረቤቱ። ከዚያች ሰዓት ወዲህ በአንድ ሰው ብቻ ነው የምናደደው፤ ስሙን መጻፍ አያስፈልግም።

ቀረብኩ። ትክ ብለው አዩኝ። ወዲያው አወቁኝ፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ሲጠፋም አየሁ።

ጎረቤቱ «አባባ፣ የወንድምዎ ልጅ ነኝ ይላል፤ ነው አይደለም?» አላቸው።

እሱን አልመለሱለትም። «ቁጠር» አሉኝ እኔን።

«እባክዎ...»

«ቁጠር አልኩህ!»

በሕዝብ ፊት ቆሜ አባቶቻቸውን ቆጠርኩ። ስድስተኛው ላይ «እሳቸው ቄስ ነበሩ፤ ቄስ እያልክ ጥራ» ብለው አረሙኝ። ሰባቱንም ስጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሳምረህ ይዘሃቸዋል። በቅሎዋ ይህን ያህል አልያዘቻቸውም።» ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ይኼ የወንድሜ ልጅ አይደለም። የጌታዬ የፊታውራሪ ልጅ ነው። ወንዝ ሲሞላ በዚህ ትከሻዬ ነው ያሻገርኩት። ጉልበቴን ወሰዱ፣ እሺ፤ ዕድሜዬን ወሰዱ፣ እሺ። አያቶቼን ደግሞ ምን ልታደርጋቸው ነው የወሰድካቸው?»

«እመልሳለሁ» አልኩ። እንዴት እንደሚመለሱ ግን አላውቅም ነበር። አንድ በአንድ እየጠራሁ «የኔ አይደሉም» እንድል አደረጉኝ። ሰባት ጊዜ።

መምሬ ደንግጠዋል፤ ቢሆንም ካህን ናቸውና «የራሱስ? የራሱ ሰባት ቤት ከልጅቷ ጋር ይገናኛል?» ብለው ጠየቁ። «ሦስት ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ሽማግሌው ወደ መምሬ ዞሩ። ከዚያ፣ ያ የጎበጠ ወገባቸው ቀጥ አለና፣ የኔን ሰባቱን በአንድ ትንፋሽ ቆጠሩ። በግብር ቀን አባቴ ፊት ቆመው የሚቆጥሩት እሳቸው ነበሩ። እሷ የራሷን ቆጠረች። የትም አልተገናኘንም።

የኮሚቴው ሰውዬ ከኪሱ እስክሪብቶ ሲያወጣ አየሁት። ይጻፍ።

ጎረቤቱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። «እንግዲህ ይኼ ዘመዷ ካልሆነ የሟች ቤተሰብ...» ብሎ ጀመረ።

«ዘመዷ እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «የሷ አምስተኛ አባት የኔም አያት ናቸው። ልጄ፣ ይኼን ሰው ትፈልጊዋለሽ?»

«ብፈልገው ጠላው እስኪደርስ አልጠብቅም ነበር?»

ሰውዬው በንዴት በቅሎውን ይዞ ሄደ። ሽማግሌው መሄጃ አጡ። መምሬ በቅሎ አዋሱኝና ልጓሟን ይዤ በእግሬ ግሼ አደረስኳቸው፤ እሷም ከዘመዷ ቤት ልትቀመጥ አብራ መጣች። በመንገዱ ሙሉ አንዱም አላናገረኝም። ጋቢውን ሽማግሌው እሷን አለበሷት።

እኔ መንዝ ስመለስ መሬቴ ተቆርሶ ጠበቀኝ፤ ስሜም «ድሃ» ከሚለው ገጽ ወጥቶ ወደ ወትሮው ገጹ ተመልሷል። ከወር በኋላ መምሬንና ሁለት ሽማግሌዎች ለምኜ ወደ ግሼ ላክኋቸው። የፊታውራሪ ልጅ ሚስት ለመጠየቅ ሽማግሌ የላከው የአባቱ አሽከር ደጃፍ ነው። ወግ ያለው ሰው ቤቱ ተቀምጦ መልሱን ይጠብቃል። እኔ መቀመጥ አቃተኝና የሽማግሌዎቹን በቅሎዎች ያዥ መስዬ፣ ፊቴን በጋቢ ሸፍኜ ተከተልኳቸው።

ሽማግሌው ወጥተው ሦስቱን ሰዎች ደጃፍ ላይ እስኪደክማቸው አቆሟቸው። ከዚያ በእነሱ ትከሻ ላይ ወደ እኔ ተመለከቱ።

«አንተ በቅሎ ያዥ፣ ውሃ አጠጣቸው። ወንዙ በዚህ በታች ነው።»

አጠጣሁ። ስመለስ ሽማግሌዎቹ ገብተዋል፤ በሩ ክፍት ስለሆነ ድምፃቸው ይሰማኛል። «እኔ ይቅር አላልኩትም» ይላሉ። «ወንድሜን ሁለት ጊዜ ነው የቀበርኩት። ሁለተኛውን ያስቀበረኝ እሱ ነው። እሷ ከፈለገች ግን አልከለክልም፤ ሳትጠየቅ የተሰጠችው ይበቃታል።»

ወጣች። በቅሎዎቹ መሀል ቆማ አየችኝ።

«መሬትህን ቆረሱት አሉ።»

«ቆረሱት።»

«አሁን እኔን የፈለግኸው ለመሬቴ ነው ይሉሃል።»

«ይበሉ።»

«ይበሉ አልልም። ውል እንጽፋለን። መሬቱ የኔ፣ ቤቱ የኔ፣ ግሼ ላይ። አንተ ሽመናህን ይዘህ ትመጣለህ፤ ጠርዙን እኔ አያለሁ።»

የፊታውራሪ ልጅ በሚስቱ ቤት! በሚስቱ መሬት! በጽሑፍ! ደሜ ፈላ።

«ተናደድክ?» አለችኝ።

«በጣም።»

«ታዲያ በቅሎዎቹን እሰርና ግባ። ሊመርቁ ነው።»

አሰርኳቸውና ገባሁ። ሽማግሌው ቀና ብለው አላዩኝም። መደቡ ላይ ሰው ሞልቷል፤ ለኔ የተተወችው በሩ ሥር ያለችው ዝቅተኛ በርጩማ ነበረች። እዚያች ላይ ተቀመጥኩ።